በሁለት ድምፅ የተነበበው መጽሐፍ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ነው፣ ከጓዳ ሆና ስትጠራኝ ጎረቤትም አብሮኝ አቤት ይላል።

«ጤናህስ?» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አንተ ጤና ስጠየቅ መልስ ስሰጥ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ለባለቤቱ መመለስ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ምን ማለቴ እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል።

አድራሻዬን ከየት አገኘችው ብለህ አትጨነቅ። እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ረቡዕ ረቡዕ የሚመጣ አንድ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። እሱን ሊጠይቅ እዚህ ብቅ ሲል እኔን የሚያየኝ የድሮ ባልደረባው እናንተ ከተማ ጣውላ ያመላልሳል፤ አንተ የምትሠራበት አናጢ ቤት ጣውላ ሲያራግፍ አይቶህ፣ መልክህ ከእኔ ጋር አንድ ሆኖበት ስምህን ጠየቀ። ከስቷል አለ። እጁ ግን ጎበዝ ነው፣ የሠራው በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም አለ። ባለፈው ረቡዕ ይህን ስሰማ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ትንሽ አለቀስኩ፤ የእኛ በር እንደምታውቀው ይጮሃል።

ልወቅስህ አይደለም የምጽፈው። አንድ የሠራሁትን ነገር ልነግርህ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን።

ከሄድክ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ትጽፍ ነበር። ከዚያ ተውከው። ስልክህም መጥራት አቆመ። እማዬ ግን በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ቁርሷን በልታ እጇን ትጠርግና «ደብዳቤ የለም?» ትላለች። አንድ ወር የለም አልኳት። በሁለተኛውም ወር የለም አልኳት። በሦስተኛው ወር ውኃ የሚቋረጥበትን ቀን የሚያሳውቅ ወረቀት ከበሩ ሥር አንስቼ ስገባ፣ ዓይኗ ባያይም ሲንኮሻኮሽ ሰማችና ፊቷ በራ። «መጣ?» አለችኝ። ያን ፊት አይቶ አልመጣም የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? መጣ አልኳት። ቁጭ ብዬ ከውኃ ቢሮው ማስታወቂያ ላይ ደብዳቤህን አነበብኩላት።

ከዚያ ወዲያ መመለስ አልተቻለም። ይቅር በለኝ፣ አናጢ መሆንህን ስለማላውቅ የመጋዘን ኃላፊ አድርጌሃለሁ። መስኮቱ ዛፍ የሚያይ ክፍል ተከራይቼልሃለሁ። ጥርስህንም አሳምሜሃለሁ፤ እናት ልጅሽ ሁሉ ተሟልቶለታል ቢሏት አታምንም፣ ትንሽ ጎደሎ ትፈልጋለች ብዬ ነው። ጥርሱ ግን ሁለት ወር እንቅልፍ ነሳት፤ በሦስተኛው ወር አስነቀልኩልህ። ሚስት ልድርህም አስቤ ነበር፤ እማዬ ድምፅዋን አሰሙኝ ትላለች ብዬ ፈርቼ ተውኩት። እማዬም መልሷን ትነግረኛለች፣ እኔም እጽፋለሁ፤ ግን የት ብዬ ልላከው? አጥፌ የቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ለምን እንደጠፋህ አውቃለሁ። የእማዬን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ለአንተ ትቼልህ ነበር። አንተም በሚቀጥለው ወር አልክ፣ ከዚያ ደግሞ በሚቀጥለው። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ያለ ዕለት ፊትህን አይቼዋለሁ። እኔም ብወስዳት ኖሮ መውሰድ እችል ነበር፤ ሥራ ይዞኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንተን ግን የሚያጽናናህ አልነበረም። ይህን ያኔ አልነገርኩህም፤ ዛሬ ልንገርህ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ።

ከአራት ወር በፊት ኃላፊያችን ጠሩኝ። ቴአትር ቤቱ አንድ የድሮ ልብ ወለድ ወደ መድረክ ሊያመጣ ነው፤ እኛም መጽሐፉን ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለአንባቢዎች ጮክ ብለን እናንብብ አሉ። አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። እማዬም ቤት ብቻዬን ምን አደርጋለሁ ብላ አብራኝ መምጣት ጀመረች። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእሷ ሆነ፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ሾፌሩ ያስነሳዋል።

የመጽሐፉ ርዕስ ረጅም ስለሆነ ሁላችንም «የደረጃው መጽሐፍ» እንለዋለን። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጭጋግ የማይለየው ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ፤ ዓይነ ስውር አባትና መንታ ሴቶች ልጆቹ ይኖሩበታል። አንደኛዋ ጫማዋ ኳ ኳ የሚል፣ ቁጥብ። ሁለተኛዋ በባዶ እግሯ የምትሮጥ፣ ሳቂታ። ሳቂታዋ በድንገተኛ ትኩሳት ትሞታለች። አባትየው በዚያው ሰሞን ልቡን ታሞ ላይኛው ፎቅ ተኝቷል፤ ሐኪሙም ይህን ከሰማ አይተርፍም ይላል። የቀረችው ልጅ ምን ታደርጋለች መሰለህ? ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በራሷ ድምፅ ትገባለች። ከሰዓት በኋላ ጫማዋን አውልቃ በእህቷ ሳቅ ትገባለች። ዓመት እንዲሁ ያልፋል። አንድ ቀን ልጅቷ ከሠራተኞቹ ጋር ማድቤት ተቀምጣ ሳለ፣ ከላይ ባዶ እግር ደረጃውን ሲወርድ ይሰማል።

ይህን ምዕራፍ ቀድሜ ለብቻዬ ሳነብ መጽሐፉን ከደንኩት። ባዶ እግሩ አልነበረም ያስፈራኝ። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። ከብዙ ሺህ መጽሐፍ መካከል ይህኛው ተመርጦ፣ እኔው በገዛ አፌ፣ ለገዛ እናቴ ላነበው።

በሚቀጥለው ረቡዕ መጽሐፉ ለአዛውንት ልብ ይከብዳል፣ ሌላ እንምረጥ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሾፌሩ አይሆንም አለ። መንገድ ከተጀመረ ዳገት መጣ ተብሎ አይታጠፍም፣ ደግሞስ አዛውንቱ እኔ ነኝ፣ ልቤን ማን ጠየቃት አለ። እማዬን አየኋት። ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ስለዚህ አነበብኩ። ሲፈሩም ሲሟገቱም ብታያቸው ትስቅ ነበር። ሾፌሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንፈስ ናት ብሎ ቆረጠ፤ ሠላሳ ዓመት በባዶ መንገድ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል ይላል። የሒሳብ መምህር አለን፣ ጸጥ ያለ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል። እሱ ደግሞ ደረጃውን ቆጠረ። በሁለተኛው ምዕራፍ አሥራ ሰባት የነበረው፣ በዘጠነኛው አሥራ ዘጠኝ ሆኗል፤ ደራሲው ተሳስቷል አለ። ከገበያው ፊት ለፊት ያለችው ፀጉር ሠሪ ተቆጣችው። ሁለቱ ትርፍ እርምጃዎች የሟቿ ናቸው፣ እንዴት አይገባህም አለችው። መምህሩ መነጽሩን ደግሞ ወለወለ። እሷ የሰማችውን ምዕራፍ ሱቋ ሄዳ ለደንበኞቿ ታወራለች፤ ያልሰማችውንም ከራሷ እየጨመረች ታወራለች። ፀጉራቸው ገና ያልደረቀ ሴቶች «እውነት ሐኪሙ ነው የገደላት?» እያሉ መጽሐፉን ሊዋሱ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ አንባቢ አግኝተን አናውቅም።

ድምፁን ለይቼ እንዳነብ የጠየቀችኝም እሷው ናት። ሳቂታዋን ሳቅ አድርገሽ አንብቢያት እንጂ፣ ሬሳ አስመሰልሻት አለችኝ። እኔም ለቁጥቧ አንድ ድምፅ፣ ለሳቂታዋ ሌላ ድምፅ አበጀሁ። ሁሉም ወደዱት። እኔ ግን በሳቂታዋ ድምፅ ለአባቷ «ደህና ዋልክ?» ባልኩ ቁጥር ወደ መስኮቱ ማየት አልችልም ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? እማዬ አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ መጽሐፉ ሐሳብ አልሰጠችም። ምን መሰለሽ ሲሏት፣ እየሰማሁ ነው ብቻ ትላለች። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ደግሞ እንደ ልማዷ ደብዳቤ የለም ትለኛለች፣ እኔም አነብላታለሁ።

መጽሐፉ ሲያልቅ አባትየው ምንም ሳያውቅ፣ ሁለቱንም ልጆቹን በየተራ፣ በየስማቸው መርቆ ይሞታል። በመጨረሻው ገጽ ልጅቷ በባዶው ቤት ተቀምጣ ሳለ ባዶ እግሩ ደረጃውን ይወርድና በሯ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ያበቃል። የዚያን ረቡዕ ማንም ቶሎ አልተነሣም። ሾፌሩ በእግሩ ሊሄድ አስቦ የነበረውን ትቶ ከመምህሩ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቴአትሩን ለማየት ሄድን። እማዬ ሰማያዊውን ሹራብ ለበሰች። አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ወንበሮቹ ያረጁ ቀይ ናቸው፤ መድረኩ ላይ እውነተኛ የእንጨት ደረጃ ቆሟል፣ ሲረግጡት የሚጮህ። እማዬ ተዋናይዋ ስትወርድ ጣቶቿን በክንዴ ላይ እያንቀሳቀሰች ቆጠረችና ስምንት ብቻ ነው ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። መምህሩ ሰምቶ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ሁለቱን ልጆች አንዲት ተዋናይ ነበረች የምትጫወተው። ጫማዋን ስታወልቅ ፀጉር ሠሪዋ እጄን ጨብጣ ጥፍሯን ቀበረችብኝ። እኔ ግን መጨረሻውን ስለማውቅ ተረጋግቼ ነበር፤ አባትየው ሳያውቅ ይሞታል፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ ነገሩም ያልፋል ብዬ።

እንደዚያ አልሆነም። አባትየው ሊሞት ሲቃረብ ልጅቱ በባዶ እግሯ፣ በእህቷ ሳቅ ገባች። እጁን ዘረጋና እግሯን ዳሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ እንጂ። ዓመት ሙሉ እግርሽ በረደ» አላት። ቀጥሎም ጠራት፤ በሟቿ ስም አይደለም፣ በራሷ ስም።

 የእማዬ እጅ ክንዴ ላይ ነበር። አላነሣችውም፣ አላጠበቀችውም።

ከትርዒቱ በኋላ ቴአትር ቤቱ አንባቢዎች ይቆዩና ይወያዩ ብሎ ነበር። አዘጋጁ ቀጭን ወጣት ነው፣ መድረኩ ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ሾፌሩ ቀድሞ ተነሣ። ልጄ፣ እኔ ሦስት ወር የፈራሁት በከንቱ ነው ወይ? መንፈሷን የት አደረስካት? አለው። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን ከልቡ ነበር። መምህሩም መጽሐፉን ከፍ አድርጎ አሳየና፣ አባትየው ያውቃል የሚል አንድም ገጽ የለም፣ ያላነበብከውን ነው የጨመርከው አለ። አዘጋጁ አልጨመርኩም፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተነበበኝ አለ። ፀጉር ሠሪዋ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር። እያወቀ ዝም ካለ ጨካኝ አባት ነው አለች፤ ያቺ ልጅ ዓመት ሙሉ ስትለፋ፣ ስትወጣ ስትወርድ፣ አውቄአለሁና ተይው አይላትም ነበር? አለች።

ያኔ እማዬ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ። አዘጋጁ እሺ እናቴ አላት። እሷም ወደ ድምፁ ዞራ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ።

«እኔ መጽሐፉን በጆሮዬ ነው ያነበብኩት። አባትየው በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱን ልጆቹን አንድ ላይ ጠርቶ አያውቅም። ሲታመም አንዷን ይጠራል። ሲሻለው አንዷን ይጠራል። ኑዛዜውን ሲናገር እንኳ አንዷን ጠርቶ ለእህትሽም ንገሪያት አለ። ኑዛዜ የሚናገር አባት ልጆቹን አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጥ። ያልጠራቸው እንዳያሳፍራት ነው። ዓይን ሲጠፋ ጆሮ ሞኝ አይሆንም።»

መምህሩ መጽሐፉን ገለጠ። ሁላችንም ጠበቅነው። ብዙ ገለጠ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደግሞ ገለጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ትክክል ናቸው አለ፤ የሚሸነፍ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ስጦታ ያገኘ ሰው ድምፅ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ግን አልተዋጠላትም። ታዲያ ለምን ዝም አላት አለች። እማዬም ጨክኖ አይደለም የኔ ልጅ አለቻት፤ እሷ የምትሰጠው ነገር ነበራት፣ የሚቀበል ሰው ደግሞ ያስፈልጋት ነበር። ልጅ ደክሞ ያመጣውን ነገር ተቀብሎ ዝም ማለትም ሥራ ነው፣ ቀላል እንዳይመስልሽ አለቻት። አዘጋጁ ከመድረኩ ወርዶ አጠገቧ መጥቶ ነበር። ታዲያ መጨረሻ ላይ ለምን ነገራት ብሎ ጠየቃት፤ የጻፈው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ። እማዬ ክንዱን ዳሰሰች። ዝም ብሎ ቢያልፍ ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት ሰው ሆና ትቀርበት ነበር አለችው።

እኔ የት እንደማይ አላውቅም ነበር። ወንድሜ፣ እማዬ የምትነካው ነገር ሁሉ እንዴት እንደምትዳስሰው ታውቃለህ፤ አዲስ ኩባያ ቢመጣ ጆሮውን፣ ከንፈሩን፣ ቂጡን ሳትዳስስ አትጠጣበትም። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን ደብዳቤህን ስጪኝ ልንካው አላለችኝም። አንድም ቀን ያንን ድገሚልኝ አላለችኝም።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ ስለ መጽሐፉ አላነሣችም። ተዋናይዋ ቆንጆ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ናት አልኳት። ድምፅዋም ቆንጆ ነው፣ ያንቺ ግን ይበልጣል አለችኝ።

በማግስቱ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ነበር። አድራሻህን ከመስማቴ በፊት ያዘጋጀሁት ደብዳቤ የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የሥራ ዕድገት ልሰጥህ ነበር። ቁርስ በላን። እጇን ጠረገች። ደብዳቤ የለም ወይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለችም። ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰብስባ ስትጨርስ «ብዕር አምጪ፣ ዛሬ የምጽፍለት እኔ ነኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ያለችው ይኸው፤ ሌላው ወረቀት ላይም በእጄ ጽፌ፣ እሷም ስሟን ራሷ ፈርማበት አብሬ ልኬልሃለሁ። ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል፣ ግን የእሷ ናቸው።

«ልጄ፣ ልሞት መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ ደህና ነኝ። ዓይኔን የወሰደው በሽታ ነው፣ አንተ አይደለህም። ይህን ልነግርህ ነበር፣ ቀድመኸኝ ሄድክ። የምትሠራውን፣ የምትበላውን፣ ማን እንዳስከፋህ እንደ አመጣጡ ጻፍልኝ፤ ለእናት ተብሎ የሚታረም ነገር የለም። ባትጽፍም ና። የእህትህ እጅ ደክሟል።»

ጽፌ ጨረስኩ። አጠፍኩት። ብናገር በየትኛው ድምፅ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። እንደ ልማዴ ተነሥቼ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ ሳብ አደረግሁ። እማዬ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «እዚያ አይደለም» አለችኝ። «ይኼኛውን ፖስታ ቤት ውሰጂው።»

ይህን የምጽፍልህ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት፣ የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ፖስታ ቤቱ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ሾፌሩ ባልደረባዬ ሐሙስ ይሄዳልና በእሱ ላኪው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ቴምብር ተለጥፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት እንዲሄድ ፈለግሁ።

ወንድሜ፣ የያዝከው እንጨት ይታዘዝህ፤ መዶሻው ጣትህን አይንካ። የምትገባበት ቤት ይሙቅህ። ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርህ። መንገዱን ቅን ያድርግልህ፤ በየትኛውም ሰዓት ብትመጣ በራችን እንደ ድሮው ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ መምጣትህን ይሰማል።

ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ብቻ የሆንኩት፣

እህትህ